ላፕቶፑ አልነሣ ሲል፦ ከማሽኑ አስቀድሞ መዝገቡ

በከተማም ሆነ በገጠር ባሉ ብዙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሥራ ከወፍራሙ ባሕር መዝገብ ወደ አንድ ላፕቶፕ ተሸጋግሯል። የምእመናን የአባልነት ዝርዝር፣ የወርኃዊ ክፍያ ሒሳብ፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ቅጂ፣ የካህናትና የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ፣ ለሀገረ ስብከቱ የሚላከው የፐርሰንት ስሌት፣ የልማት ፕሮጀክቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሁሉ በዚያ አንድ ማሽን ውስጥ ተከማችተዋል። ከዕለታት በአንዱ ጸሐፊው የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ዝም ይላል፤ ወይም ጥቁር ስክሪን አውጥቶ ይቆማል።

ለፕሮጀክት ክትትል በምንዞርባቸው አጥቢያዎች ደጋግመን ያዘንነው በላፕቶፕ መበላሸት አይደለም፤ ዕቃ ነውና ይበላሻል። ያዘንነው ከብልሽቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ በሚደረገው ነው። ማሽኑ በችኮላ ወደ ቅርብ ጥገና ቤት ይወሰዳል። ጠጋኙ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ኮሚቴው ደግሞ «ፎርማት» የሚለውን ቃል «ጥገና» ማለት አድርጎ ይረዳና ይስማማል። በማግስቱ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ይበራል፤ ውስጡም እንደ አዲስ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በአንድ አጥቢያ የ3 ዓመት የአባልነት ክፍያ መዝገብ በዚህ መንገድ ጠፍቶ፣ የኮሚቴው አባላት ከደረሰኝ ቀሪ ላይ ስም በስም እየለቀሙ መልሶ ለመጻፍ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ማሽኑ በቆመበት ቀን ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደ ነበር በጠየቅን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማንንም የላፕቶፕ ጠጋኝ ልናደርግ አላሰብንም። የምናሳየው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም ማሽኑ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ መለየት፣ ቀጥሎ መዝገቡን ማውጣት፣ ጥገናውን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው።

የቆመው የት ላይ ነው?

«አልነሣም አለ» የሚለው ቃል ብዙ ሕመሞችን በአንድ ስም ይጠራል። ላፕቶፕ ሲነሣ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ቀጥሎ ራሱን ይመረምርና የአምራቹን ዓርማ ያወጣል፤ ከዚያ ዊንዶውስን ከዲስኩ ላይ ፈልጎ ያነሣል፤ በመጨረሻም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የቆመበት ደረጃ ከታወቀ የችግሩ ግማሽ ተፈታ ማለት ይቻላል። መብራት ጨርሶ የማይታይበት ማሽን ፎርማት ቢደረግ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ዓርማውን አውጥቶ የሚቆም ማሽንም ቻርጀር ቢለወጥለት አይነሣም።

ከሁሉ በፊት አንድ ሰው ብዕርና ወረቀት ይያዝ። የትኛው መብራት በራ? የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል? ጽሑፍ ከወጣ ምን ይላል? ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ባይገባንም፣ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ማሽኑን መጨረሻ የተጠቀመውም ሰው ይጠየቅ፦ ወድቆ ነበር? ሻይ ፈስሶበታል? መብራት በድንገት ጠፍቶ መጥቷል? አዲስ ፕሮግራም ተጭኗል? ጥያቄው ወቃሽ ለመፈለግ እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል፤ የፈራ ሰው «እኔ አልነካሁትም» ብሎ ዋናውን ፍንጭ ይደብቃልና።

ፈሳሽ ፈስሶበት ከሆነ ግን እንደገና ለማስነሣት መሞከር አይገባም። ቻርጀሩን መንቀል፣ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ኪቦርዱን ወደ ታች ደፍቶ ማስቀመጥና በቶሎ ባለሙያ ጋር ማድረስ ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚሉት ዘዴ በውስጥ የቀረውን ስኳርና ጨው አያወጣም።

ምንም መብራት ከሌለው

ይህ በመልኩ ከሁሉ የሚያስፈራ፣ ለመዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የቀለለው ነው። ኤሌክትሪክ ማሽኑ ጋር አልደረሰም ማለት ነውና ዲስኩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ባለበት ይቀመጣል።

ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት ቀላሉ ፈተና ነው። በአንድ ዲቫይደር ላይ ማይክሮፎኑ፣ አምፕሊፋየሩና የውኃ ማፍያው ተደርድረው ላፕቶፑ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ የሚንጠለጠልበትን ቢሮ ብዙ አይተናል፤ ላፕቶፑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶ መሞከር ይገባል። በሶላር በሚሠሩ የገጠር አጥቢያዎች ኢንቨርተሩ አነስተኛ ከሆነ ስልክ እየሞላ ላፕቶፕ ላይሸከም ይችላል፤ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋሉና።

ቀጥሎ ቻርጀሩ ነው። ገመዱ ከአዳፕተሩ በሚወጣበትና ላፕቶፑ ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ላይ በመጠማዘዝ ብዛት ውስጡ ይቆረጣል፤ ላዩ ግን ደኅና ይመስላል። ሌላ ቻርጀር ተውሶ መሞከር ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ «ጫፉ ገባ» ማለት «ይስማማል» ማለት አይደለም። በአዳፕተሩ ጀርባ የተጻፈውን እናንብብ። መግቢያው በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ በሀገራችን ያለው 220 ቮልት በዚህ ውስጥ ይካተታል። ማስተያየት የሚያስፈልገው መውጫው ነው፤ ለምሳሌ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር። የተውሶው ቻርጀር ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ሊሆን ይገባል። ቮልቱ የሚበልጥ ቻርጀር ደኅናውን ማሽን ሊያቃጥል ይችላል። አዲሶቹ ላፕቶፖች በታይፕ ሲ ገመድ ይሞላሉ፤ ይህ ገመድ ከስልክ ገመድ ጋር ስለሚመሳሰል በስልክ ቻርጀር ተሰክቶ «ሞተ» የተባለ ማሽን ያጋጥማል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልነሣ አንድ የማይጎዳ ዘዴ አለ። ቻርጀሩን ነቅለን፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥተን፣ የማስነሻውን ቁልፍ 30 ሰኮንድ ያህል ሳንለቅ ተጭነን እንይዛለን። በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ከዚያ ባትሪውን ሳንመልስ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተን እናስነሣለን፤ ባትሪው የማይወጣ ከሆነም ቻርጀሩን ሰክተን ግማሽ ሰዓት እንታገሣለን። ይህ አሠራር ሴቭ ተደርጎ የተቀመጠ ፋይልን አይነካም። በመብራት መቆራረጥ ምክንያት የደነዘዘ ማሽን በዚህ ብቻ ሲነሣ አይተናል።

የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ፣ የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ያበጠው ባትሪው ሊሆን ይችላልና ከቻርጀር ነቅሎ ማቆየት ነው። ተጭኖ ለመግጠም መሞከር፣ በሹል ነገር መፈልቀቅ፣ ወይም «እስኪሞላ እንየው» ማለት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ማሽን በዕቃ ቤት፣ ከአልባሳትና ከመጻሕፍት ጋር ሊቀመጥ አይገባም።

መብራት አለው፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው

እዚህ ላይ የሚሠራውን ፈተና በአጭሩ እንለፈው። ክፍሉን አጨልሞ የስልክ ባትሪ በስክሪኑ ላይ በጎን ማብራት፤ ደብዛዛ ምስል ከታየ ማሽኑ ተነሥቷል፣ የደከመው የስክሪኑ ብርሃን ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ማገናኘትም ይቻላል። ምስል በቴሌቪዥኑ ላይ ከወጣ ስክሪኑ ከመሠራቱ በፊት፣ እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ እያየን መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ። ምስሉ በሁለቱም ላይ ካልወጣና ማሽኑ ድምፅ ቢያሰማ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል ብዛቱን ቆጥረን እንጻፍ። አምራቾች ችግሩን የሚናገሩት በዚህ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙ ከአምራች አምራች ቢለያይም ጠጋኙ የሚያውቅበት መንገድ አለው። ብዙ ጊዜ የራም ከቦታው መላላት ሆኖ ይገኛል።

ዓርማውን ወይም ጽሑፍ አውጥቶ ከቆመ

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ መዝገቡ የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ላይ ነውና።

«ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ወይም ይህን የመሰለ ጽሑፍ ከወጣ ማሽኑ «የምነሣበትን ዲስክ አጣሁት» እያለ ነው። መጀመሪያ የተሰካውን ሁሉ እንንቀል፤ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ፕሪንተር። አንዳንድ ማሽን በተረሳ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስን እየፈለገ ይቆማል። ካልሆነ ማሽኑ ሲነሣ ወደ ውስጥ ቅንብሩ እንግባ፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 በመጫን ይገባል። እዚያ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዲስኩ ስም ተዘርዝሯል ወይስ የለም? ስሙ ካለ ማሽኑ ዲስኩን ያየዋል፤ ችግሩ ያለው በዊንዶውስ በኩል ሊሆን ይችላል። ስሙ ከሌለ ዲስኩ ላልቷል ወይም ደክሟል። ምንም ሳንለውጥ፣ ሴቭ ሳናደርግ እንውጣ።

ቀኑና ሰዓቱ ተሳስቷል የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ቁልፍ እስኪጫኑለት የሚጠብቅ ማሽን ግን በአብዛኛው የሚያስፈልገው በውስጡ ያለችውን ትንሽ የሰዓት ባትሪ መለወጥ ነው። በብዙ ማሽኖች 2032 የሚል ቁጥር ያላት፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት።

የዊንዶውስ ነጠብጣቦች እየዞሩ ከሆነ መታገሥ ያስፈልጋል። ዝመና ላይ ያለ አሮጌ ማሽን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በመካከሉ በግድ ማጥፋት ደኅናውን ያበላሻል። በተከታታይ መነሣት ካቃተው ዊንዶውስ ራሱ ሰማያዊ የጥገና ገጽ ያወጣል። በዚያ ገጽ ላይ «ስታርታፕ ሪፔር» የሚለውን መሞከር ይቻላል፤ «ሴፍ ሞድ» በሚባለውም መንገድ ብዙ ማሽን ይከፈታል። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሥሩ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚለው ምርጫ ሁሉን ያጠፋል። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውም የግል ፋይሎችን ቢጠብቅ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ያስወግዳል። መዝገቡ በሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ ሁለቱም ሊነኩ አይገባም።

ከዚሁ ገጽ ጋር ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚጠይቅ ማሽን አለ። ይህ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ሳያስታውቁ ሊቆልፉት ይችላሉ፤ ቁልፉም የሚቀመጠው መጀመሪያ ማሽኑን በከፈተው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። በአጥቢያዎቻችን ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2 ዓመት በፊት ወደ ሌላ ደብር የተዛወረው ጸሐፊ ነው! ቁልፉ ከሌለ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ማንበብም አይቻልም። ላፕቶፓችሁ ዛሬ ደኅና ከሆነ ቁልፉን ዛሬውኑ አውጥታችሁ በወረቀት አትሙና ከማኅተሙ ጋር በካዝና አስቀምጡት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ኮሚቴ ቢኖር ይህን እንዲሠራ እንመርጣለን።

መዝገቡን ማውጣት

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም የሚፍቅ ድምፅ ካሰማ ማሽኑን አጥፍቶ ማቆም ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ይጎዳል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው የዳታ ማዳን ባለሙያ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ድምፅ ከሌለና ዲስኩ የሚታይ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲስኩን ፈትቶ በውጭ ኬዝ ውስጥ አስገብቶ እንደ ፍላሽ በሌላ ኮምፒዩተር ማንበብ ነው። ቀጫጭንና ርካሽ በሆኑ አንዳንድ ላፕቶፖች ማከማቻው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ አይወጣም። ሁለተኛው 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ኡቡንቱ ነው፤ ማሽኑ በራሱ ዊንዶውስ ሳይሆን በፍላሹ ይነሣል፣ ፋይሎቹም ተከፍተው ይገለበጣሉ። ገጹ ሲጠይቅ «ትራይ» የሚለውን እንጂ «ኢንስቶል» የሚለውን መምረጥ አይገባም፤ መጫን ከተጀመረ ያለውን ሊያጠፋው ይችላል። በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶች ይህን መሥራት የሚችሉ በብዙ አጥቢያ አሉ፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ።

የት የት ይፈለግ? ብዙዎች ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ገልብጠው ጨረስን ይላሉ። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤዎች በቴሌግራም ከመጡ ያሉት በዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባለው ማኅደር ነው። ሒሳቡ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ዳታው በዶክመንትስ ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ በሚያዘው ማኅደር ውስጥ፣ በተለመደው አጫጫን በሲ ድራይቭ ላይ ይቀመጣል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ደብዳቤዎቹን አድኖ ሒሳቡን ያጠፋል። የግእዝ ፊደላቱን ፎንቶችም አብሮ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን።

«ዲ ድራይቭ ላይ ገልብጠነዋል፣ አይጠፋም» የሚለውን ቃል በየቦታው እንሰማለን። ሲ እና ዲ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንድን ሣጥን በጣውላ ለሁለት ከፍሎ ዕቃውን ወደ ቀኝ ማዛወር እንደ ማለት ነው፤ ሣጥኑ ሲቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉ። ቅጂ የሚባለው በሌላ ዲስክ ላይ፣ በሌላ ክፍል የተቀመጠው ነው።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ

ላፕቶፑን ሁለት ሰዎች ያድርሱት፤ በእጃቸውም ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ይኑር። በደብዳቤው ላይ የማሽኑ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የዲስኩና የራሙ መጠን፣ የታየው ምልክት ይጻፍ። ቀጥሎ ይህ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ «ከሰበካ ጉባኤው የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ዲስኩ ፎርማት እንዳይደረግ፣ እንዳይለወጥም።» ጠጋኙ በቅጂው ላይ ይፈርም። ይህ እምነት ማጣት አይደለም፤ ጨዋ ጠጋኝ ራሱ ደስ ይለዋል፤ ከዚህ በፊት ባልሠራው ጥፋት ተወቅሶ ያውቃልና። ዲስኩ የሚወጣ ከሆነና ብልሽቱ የኤሌክትሪክ ወይም የስክሪን ከሆነ ዲስኩን በቢሮ አስቀርቶ ማሽኑን ብቻ መላክ የተሻለ ነው። የምእመናን ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት መዝገብ በማያውቁት ሰው ጠረጴዛ ላይ ማደሩ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፎርማት የግድ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። የፋይል ስም መታየቱ አይበቃም፤ ከየማኅደሩ ጥቂት ሰነድ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ማየት ያስፈልጋል። «ሳንገለብጥ ፎርማት ቢደረግ በኋላ ሪከቨሪ ይሠራል» የሚል ቢኖር፣ በአሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የተወሰነ ተስፋ አለ፤ በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ግን የተሰረዘውን ማሽኑ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው እጅግ የጠበበ ነው።

ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል ከተባለ ኮሚቴው የጥገናውን ዋጋ ከሌላ ማሽን ዋጋ ጋር ያስተያይ። ሰሌዳው ስለ ሞተ ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለምና መዝገቡን አስቀድሞ ከእርሱ ላይ ማውጣት ይቻላል።

ማሽኑ ተሠርቶ ሲመለስ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያጋጥማል። የቆዩ ደብዳቤዎች ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይታያል። በዚህ ጊዜ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው የሰረዙ አሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ እንዲህ ሆኖ ይታያል፤ ያው ፎንት ሲጫን አማርኛው እንደ ነበረ ይመለሳል። ፎንቶቹን ከአሮጌው ዲስክ ገልብጡ ያልነው ለዚህ ነው። አዲስ ሰነድ ግን በዩኒኮድ ፎንት ቢጻፍ ይመረጣል።

የተለወጠው አሮጌ ዲስክ ከጠጋኙ ተጠይቆ ይመለስ። በፖስታ ታሽጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ በንብረት መዝገብ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት በካዝና ይቀመጥ። አሮጌው ላፕቶፕ ለጨረታ የሚወጣ ወይም ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ከሆነም ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ ይፈታ።